ሳይሞት መርዶ የተሰናዳለት ሎሚ

ሐኪሞቹ «ምንም የሚያስደነግጥ ነገር እንዳትነግሯቸው» ባሉን ማግስት የእትዬ ዘነበች ሎሚ ታመመ።

«ደግሞ የዛፍ መታመም ምኑ ይወራል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አልፈርድባችሁም፤ እኔም ከሰው ብሰማው እስቅ ነበር። ግን ያ ሎሚ ባይታመም ኖሮ በሕይወቴ እጅግ የምሳሳለትን አንድ ወር አላገኘውም ነበር። ስለዚህ ታገሡኝ፤ ከሥሩ ጀምሬ ልንገራችሁ።

ያኔ ቶሮንቶ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። የመጣሁት ለትምህርት ነው። ፍሌሚንግደን ፓርክ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ እትዬ ዘነበች ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ተከራይቼ ልበል እንጂ ተከራይነቴ ብዙም አልቆየም። መጀመሪያ «ባዶ ሆድሽን አትውጪ» አሉኝ። ቀጥለው «ካመሸሽ ደውይ» አሉ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ይዘውኝ ሄደው «ልጄ ናት» ብለው አስተዋወቁኝ። እኔ ሰው ሲቀርበኝ መሸሽ የሚቀናኝ ዓይነት ነኝ። ከእሳቸው ግን መሸሻ አልነበረም፤ ቤቱ ጠባብ ነው።

ትምህርቴን ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ያስቸግረኛል። የማጠናው በሎሚና በብርቱካን ቅጠል ውስጥ የሚኖሩትን ጥቃቅን ተሕዋስያን ነው። ለእትዬ ዘነበች የነገርኳቸው እንዲህ ብዬ ነው፦

«የሎሚ ቅጠል ውስጡ ባዶ እንዳይመስልዎት። በዓይን የማይታዩ ብዙ ዓይነት ነዋሪዎች አሉበት። ቅጠሉን አይጎዱትም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ይጠብቁታል። ዛፉ ሲታመም ግን ነገር ይለወጣል። ገሚሶቹ ይጠፋሉ። ድሮ ድምፁ የማይሰማ አንዱ ደግሞ ይበዛና ቤቱን ብቻውን ይይዘዋል። እኔ ማን ጠፍቶ ማን እንደቀረ ነው የምቆጥረው።»

«ታዲያ ስበጥሰው የኖርኩት ከነቤተሰቡ ነዋ!» አሉ ደንግጠው። ከዚያን ቀን ወዲህ ለሻይ ቅጠል ሲቆርጡ «ይቅርታ» ማለት ጀመሩ። እያሾፉ ይሁን ከልባቸው እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ሎሚው ሳሎን ውስጥ፣ በረንዳውን በሚያሳየው ትልቅ መስኮት አጠገብ ነው የሚቆመው። ሟች ባላቸው ጋሽ ከበደ ከዘር ያበቀሉት ነው፤ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። ጋሽ ከበደ ከመሞታቸው በፊት ወንድማቸው ከፍሎሪዳ በሻንጣ ይዞላቸው የመጣውን የብርቱካን ቅርንጫፍ በሎሚው ግንድ ላይ አዳቅለውት ነበር። ቅርንጫፉ ፍሬ የሰጠው እሳቸው ከሞቱ በኋላ ነው። እትዬ ዘነበች ያንን ቅርንጫፍ «የከቤ እጅ» ይሉታል። ማታ ማታ ሁሉንም ቅጠል በእርጥብ ጨርቅ አንድ በአንድ እየወለወሉ የቀኑን ወሬ ይነግሩታል። ስለ እኔም ይነግሩታል፤ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል።

የልብ ቀዶ ጥገና ሊደረግላቸው ሆስፒታል ሲገቡ የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች ተራ ገቡ። ገሚሶቹ ሆስፒታል ያድራሉ፤ ገሚሶቹ ቤቱን ያያሉ። እኔ ጠዋት ወጥቼ ማታ ስገባ የታጠበው ዕቃ እንደገና ታጥቦ፣ ወለሉ እንደ መስታወት ሆኖ አገኘዋለሁ። ቀዶ ጥገናው መልካም ሆነ። ሎሚው ግን ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀመረ።

ሌላ ሰው ቢሆን ብርድ ነው ይል ነበር። እኔ ግን ቅጠሉን አዙሬ አየሁት። ቢጫው ከመሐል ጅማቱ ግራና ቀኝ እኩል አልነበረም፤ በአንዱ ጎን ሰፍቶ በሌላው ተበታትኗል። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ «ግሪኒንግ» የምንለው በሽታ እንዲህ ነው የሚጀምረው። በዓለም ላይ ስንት የብርቱካን እርሻ ያጠፋ፣ መድኃኒት ያልተገኘለት በሽታ ነው። ከዛፍ ወደ ዛፍ ከሚሄድበት መንገድ አንዱ ደግሞ የታመመ ቅርንጫፍ ማዳቀል ነው። የከቤ እጅ የመጣው ከፍሎሪዳ ነው፤ ያውም በሻንጣ ተደብቆ።

የአስተማሪዬን ፈቃድ ጠይቄ ከቢጫውም ከአረንጓዴውም በኩል ቅጠል ቆርጬ ወሰድኩ። በዚያው ቀን ሆስፒታል ስገባ እትዬ ዘነበች ትንሿን ትራስ ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። ሲያስላቸው ስፌቱ እንዳያማቸው የሰጧቸው ትራስ ነው።

«ሎሚዬ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» አልኩ።

«አየሽው ዛሬ?»

«አየሁት። ደህና ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ።

ማታ የእትዬ ዘነበች ልጅ ሳራ መጣች። ስካርቦሮ ነው የምትኖረው፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ፈጣን፣ ነገር ሲዘገይ የማትወድ ልጅ ናት። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ወንድሙም አብረዋት ነበሩ። የሆነውን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። በሽታው ከሆነ ለሚመለከተው ክፍል እንደምናሳውቅ፣ መጥተው ዛፉን በላስቲክ ጠቅልለው እንደሚወስዱት፣ ቅርንጫፉን ማን እንዳመጣው እንደሚጠይቁ አስረዳሁ።

«እማዬ እያየች?» አለች ሳራ። «ኖ። አይሆንም። ዶክተሩ ምን አለ? ኖ ስትሬስ ነው ያለው። ያ ዛፍ እኮ ለእሷ አባዬ ነው።»

«እስቲ መጀመሪያ ውጤቱ ይምጣ። ዓርብ ይደርሳል። እሳቸውም የሚወጡት ቅዳሜ ነው» አልኩ።

ጋሽ ወንድሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሰው ሞት ተነግሯቸው «ማን ሄዶ ይንገር?» ሲባል የሚያደርጉት ዓይነት አጠራረግ ነው። በከተማው ያለን ሐበሾች መርዶ ሲመጣ መጀመሪያ የምንደውለው ለእሳቸው ነው፤ ማንን በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር ሄዶ መንገር እንደሚገባ ያውቁበታል።

«የኔ ልጅ፣ ነገር በወጉ ሲሆን ይሻላል» አሉኝ። «ለጊዜው የሚመስለው ሌላ ዛፍ ይቁም። ስትበረታ፣ በአንድ ጥሩ ጠዋት፣ ሰብሰብ ብለን መጥተን በሽማግሌ ይነገራታል።»

«ጋሼ፣ ሎሚ እኮ ነው!»

«ለእናንተ ሎሚ ነው» አሉ።

ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሐሳቡ እንግዳ አልሆነብኝም። ያደግኩበት ነው። ክፉ ወሬ ለደካማ ሰው አይነገርም፤ ለተማሪ አይነገርም፤ ለነፍሰ ጡር አይነገርም፤ በሩቅ አገር ብቻውን ላለ ሰው ጭራሽ አይነገርም። እኔ ራሴ ዘወትር እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አዲስ አበባ ለወንድሜ ለዮናስ እደውላለሁ። «አባዬስ?» ስለው «ደህና ነው፣ አሁን ተኝቷል» ይለኛል። የሰዓቱ ልዩነት ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

«እስከ ዓርብ ብቻ ጠብቁኝ» አልኳቸው። ሳራ «ኦኬ» አለች። ስልኳን እያየች ነው ያለችው።

ዓርብ ጠዋት ላብራቶሪ ገባሁ። በመጀመሪያ ሳህኖቹን ከፈትኩ። ቅጠሉን ከውጭ በአልኮልና በበረኪና አጥበን፣ ፈጭተን፣ ውስጥ ያለውን ብቻ እነዚህ ትናንሽ ክብ ሳህኖች ላይ ነው የምናሳድገው። ከቢጫው ቅጠል የመጣው ሳህን ላይ አንድ ዓይነት ነጭ፣ የሚያዳልጥ ነገር ከዳር እስከ ዳር ወርሶታል። ሌላ ማንም የለም። ክፉ ምልክት ነው፤ በሽታ የገባበት ቤት እንዲህ ነው የሚሆነው።

ከዚያ ከከቤ እጅ የቆረጥኩትን አረንጓዴ ቅጠል ሳህን ከፈትኩ። ቢጫ ነጠብጣብ አለ፤ ሐምራዊ አለ፤ ብርቱካንማ አለ፤ እንደ ጥጥ የተንጨፈረረ ሻጋታ አለ። ሁሉም ቤታቸው ናቸው። ብቻዬን ሳቅኩ።

ግን ሳህን ስለ ግሪኒንግ አይፈርድም። የበሽታው ተሕዋስ ሳህን ላይ አያድግም፤ የሚያዘው በሌላ ማሽን ነው። ማሽኑ እየሠራ ስለነበር ስክሪኑ ፊት ተቀመጥኩ። መታመሙ ከታወቀ ዛፍ የተወሰደው ማመሳከሪያ መስመር ሽቅብ ወጣ። የእትዬ ዘነበች ሎሚ መስመር ወለሉ ላይ እንደተኛ ነው። ጠበቅኩ። ሊነሳ ይችላል፤ አንዳንዴ ዘግይቶ ይነሳል። የከቤ እጅ መስመርም እንደተኛ ነው። ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ እስኪቆም ድረስ ዓይኔን ያነሳሁ አይመስለኝም። አልተነሱም። በሽታው የለም።

ታዲያ ምን ነካው? ይህን እያሰብኩ ጓንቴን አውልቄ፣ ላብራቶሪ ስገባ ከቦርሳዬ ጋር የቆለፍኩትን ስልኬን አወጣሁ። ከሳራ የመጣ መልእክት ይጠብቀኝ ነበር። «እማዬን አንድ ቀን ቀድመው ዛሬ ዲስቻርጅ አደረጓት። አዲሱ ዛፍ ቆሟል። አሮጌውን በጋሪ አውጥቼዋለሁ። ፕሊዝ ምንም እንዳትዪ።»

ደወልኩ።

«ሳራ፣ የት ነው ያወጣሽው?»

«ጋርቤጁ ገንዳ ጋ። ከሕንፃው ኋላ።»

«ውጭ?»

«ታዲያ የት ላድርገው? አንቺ ከወጣሽ በኋላ ከስካርቦሮ አዲሱን ይዤ መጣሁ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ላቁማቸው?»

«ንጹሕ ነው! ሳራ፣ በሽታው የለበትም!»

ከበስተኋላዋ የሆስፒታል ድምፅ ማጉያ ሰው ሲጠራ ይሰማኛል።

«ኦ ማይ ጋድ» አለች በሹክሹክታ። «እኔ እኮ ሆስፒታል ነኝ። ፓስተር መኪና እያመጣ ነው። እማዬ ዊልቸር ላይ ናት፤ ልንወጣ ነው። ሱፐሩን ኮል አድርጊው።»

«ቁጥሩን ላኪልኝ። መቼ ነው ያወጣሽው?»

«ጠዋት።»

የየካቲት ጠዋት ነው። ቶሮንቶን ለማታውቁ፣ የካቲት ማለት እርጥብ ፀጉር ይዞ የወጣ ሰው ፀጉሩ የሚሰበርበት ወር ነው። ሎሚ ደግሞ ብርድ አይችልም። በመጀመሪያ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ይሆናል። ከዚያ ቅጠሉ ይጠቁራል፤ ከዚያ ቅርንጫፉ፤ ግንዱ ከቀዘቀዘ አለቀ።

ኮቴን ሳልቆልፍ ሮጥኩ። ሱፐር የሚባለው የሕንፃው ጠባቂ ስልክ አያነሳም። ቤት ውስጥ ጋሽ ወንድሙና ሁለት እናቶች እትዬ ዘነበችን ሊቀበሉ ተቀምጠዋል፤ ደወልኩላቸው። ጋሽ ወንድሙ ለጸሎት ሲቀመጡ ስልክ ያጠፋሉ። እናቶቹም እሳቸውን አይተው ማጥፋታቸው ነው መሰል፣ አንዱም አይጠራም። የዶን ሚልስ አውቶብስ ውስጥ ቆሜ፣ በያንዳንዱ ፌርማታ ሰው ሲወርድና ሲወጣ በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚገባው ብርድ ፊቴን ሲገርፈው «እሱን እንዲህ እየገረፈው ነው» እል ነበር። አንድ ሽማግሌ ሰው ጋሪያቸውን ሊያወጡ ሲቸገሩ ረዳኋቸው፤ ለጽድቅ አይደለም፣ ቶሎ እንድንሄድ ነው።

ወርጄ በሕንፃው ጀርባ ስዞር የቆሻሻው መኪና ደርሷል። ጢጥ ጢጥ እያለ ወደ ኋላ ይመጣል። ሎሚው ከትላልቆቹ የብረት ገንዳዎች ጎን፣ ከአንድ የተቀደደ ሶፋ አጠገብ ቆሟል። አናቱ ጠቁሯል። ቅጠሎቹ የተቀቀለ ጎመን መስለዋል። የከቤ እጅ ግን ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ሕንፃው ከነፋስ ስለጋረደው ይሆናል፣ ገና አረንጓዴ ነበር።

መኪናው ፊት ቆምኩ። ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣

«ያንቺ ነው?» አለኝ።

«የእናቴ ነው» አልኩት። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

ሹፌሩ ትከሻውን ነቅንቆ ሞተሩን አጠፋ። የተተከለበትን ማሰሮ አቅፌ ልጎትተው ብል በመከራ ነው የሚነቃነቀው። አፈር ብቻ እንዲህ አይከብድም። ዝቅ ብዬ አየሁ፤ ከላይ በረዶ ጋግሯል፤ ጠርዙ ተሰንጥቆ ከስንጥቁ የበሰበሰ ረግረግ የሚሸት ጥቁር ውኃ ወጥቶ እዚያው በረዶ ሆኗል። ያኔ ነው የገባኝ። ሎሚው ከፍሎሪዳ በሻንጣ በመጣ በሽታ አልታመመም። ሥሩ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ በስብሷል። የተረኞቹ እናቶች! ዕቃውን ደጋግመው እንዳጠቡት ሎሚውንም እያንዳንዳቸው ሲያጠጡት ነው የከረሙት!

እየጎተትኩ፣ እያለቀስኩ፣ እየሳቅኩ ወደ ዋናው በር ሳመጣው የቤተ ክርስቲያናችን ፓስተር መኪና መጥታ ፊቴ ቆመች።

መሸሸጊያ የለም። ከኋላ ወንበር ላይ እትዬ ዘነበች በጋቢ ተጠቅልለው፣ ያቺን ትራስ አቅፈው ተቀምጠዋል። መጀመሪያ እኔን አዩኝ። ቀጥሎ ሎሚውን። ሳራ ከጎናቸው ሆና ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ፓስተሩ መሪውን እንደያዘ ቀረ። እኔ የልባቸውን ምት የሚያሳየኝ ነገር ያለ ይመስል ደረታቸውን አያለሁ። አሁን ቢወድቁ በእኔ ነው አልኩ። አሁን ቢወድቁ በሁላችንም ነው።

መስኮቱ ዝቅ አለ።

«ማን ነው ያወጣው?»

ሳራ በጣቶቿ መሐል አጮለቀች። እትዬ ዘነበች ግን እኔን ነው የሚያዩት።

«ሞቷል?»

«አልሞተም» አልኩ። «አናቱን ብርድ በልቶታል። የጋሽ ከበደ ቅርንጫፍ ግን ደህና ነው።»

«እውነቱን ነው የምትነግሪኝ ወይስ እንደዚያን ቀኑ ነው?»

«እውነቱን ነው።»

ጋቢውን ከትከሻቸው ላይ መግፈፍ ጀመሩ። ሳራ «እማዬ፣ ይበርድሻል!» ብትል «እኔ መኪና ውስጥ ነኝ፤ እሱ ነው ውጭ የቆመው» ብለው በመስኮቱ አቀበሉኝ። ዛፉን ጠቀለልኩት። የቆሻሻ መኪናው ሹፌር መጥቶ ማሰሮውን ከእኔና ከፓስተሩ ጋር ይዞ ሊፍቱ ድረስ አደረሰልን።

ላይ ስንደርስ በሩን ከፍተን ያየነው ነገር ነበር የባሰው። ጋሽ ወንድሙና ሁለቱ እናቶች ወንበር ደርድረው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ለአቀባበል ነው የመጡት፤ ግን ሆዳቸው የሚያውቀውን ፊታቸው መደበቅ አልቻለም። ከጎናቸው አዲሱ ሎሚ ከነመለያ ወረቀቱ ቆሟል። ሳራ ወረቀቱን መቅደድ ረስታለች።

እትዬ ዘነበች በሳራ ተደግፈው ገቡና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሁሉንም ተራ በተራ አዩ።

«ንገሩኝ እንግዲህ» አሉ።

ጋሽ ወንድሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ዘነብ፣ እግዚአብሔር የሰጠውን…»

«ወንድሙ፣ ዛፉን ይዤው ነው የገባሁት። ማንን ልትቀብሩ ነው?»

ያኔ ሁሉንም ተናገርን። ስለ ቢጫው ቅጠል፣ ስለ ምርመራው፣ ስለ ውኃው። ውኃው ላይ ስደርስ አንደኛዋ እናት ቀስ ብለው «እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነው ያጠጣሁት» አሉ። ሁለተኛዋ «እኔ ሐሙስ ብቻ» አሉ። ሳራ «እኔም… ሲደርቅ መስሎኝ…» አለች። ጋሽ ወንድሙ እንኳ አንድ ጊዜ ጸሎት ሊያደርጉ መጥተው «ትንሽ ጠብ አድርጌለታለሁ» አሉ። እትዬ ዘነበች ሳቅ ሲመጣባቸው ትራሷን ደረታቸው ላይ ጨመቁ። ስቀው ሲያበቁ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ሳራን አርግዤ ሳለሁ እናቴ ሞተች» አሉ። ሳራ ቀና አለች፤ ሰምታው አታውቅም። «እዚያም እዚህም ሰው ሁሉ እያወቀ ነፍሰ ጡር ናት ተብሎ አልተነገረኝም። ስወልድም አራስ ናት ተባለ። ከዚያም ጡት ታጠባለች፣ ወተቷ ይደርቃል ተባለ። ስደውል ‹ጠበል ሄዳለች›፣ ‹ገበያ ወጥታለች› ይሉኛል። እኔ ብርድ አይስማማትም ብዬ ማታ ማታ ሹራብ እሠራላት ነበር። ሠርቼ ጨርሼ በሰው ላክሁላት። ለሞተች ሴት። ሹራቡ ሲደርስ የተቀበሉት ሰዎች ምን እንዳደረጉት እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም።»

ሳራ መጥታ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

«ላለመጉዳት ነው፤ አውቃለሁ። ወንድሙ፣ አንተንም አልቀየምህም። ግን ሐዘኔን ከእናንተ ጋር ማልቀስ ሲገባኝ፣ እናንተ አልቅሳችሁ ጨርሳችሁ ስትስቁ እኔ ብቻዬን ጀመርኩ። ቤት ሙሉ ሰው አውቆ እኔ አለማወቄ ነው የጎዳኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«አባትሽ ሁልጊዜ የሚተኛው ምን ሆኖ ነው?»

ለካ ግድግዳው ለእኔ ብቻ አልነበረም ቀጭን የሆነው።

«የሰዓቱ ልዩነት…» አልኩ።

«ልጄ፣ አንቺ በቅጠል ውስጥ ማን እንደጠፋ የምታውቂ ሰው ነሽ።»

እዚያው፣ ሁሉም ፊት ደወልኩ። ዮናስ አነሳ። «አባዬስ?» አልኩት። «ደህና ነው፣ አሁን ተኝቷል።»

«ቀስቅሰው።»

«እ?»

«ቀስቅሰውና ካሜራውን ወደ እሱ አዙር። ምንም ቢሆን አልወድቅም። ብቻዬንም አይደለሁም፤ ሰው ከብቦኛል።»

ወንድሜ፣ ያ ቀልደኛ ወንድሜ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አባዬ ከመስከረም ጀምሮ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት አልጋ ላይ ነበር። ንግግሩም ተሳስሯል። «ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች» ብለው ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ተማምሎ ነው የደበቀኝ። እትዬ ዘነበች ትራሷን ወደ ጎን አድርገው እጄን ስፌታቸው አጠገብ ያዙት።

በሳምንቱ ሄድኩ። አንድ ወር አጠገቡ ተቀመጥኩ። አበላሁት፤ ፂሙን ላጨሁት፤ ተጨቃጨቅን። ከተመለስኩ ብዙም ሳይቆይ ዐረፈ። በዚያው ቀን ነገሩኝ፤ ያውም ዮናስ ራሱ። ከሌሎቹ ጋር እኩል ጀምሬ፣ ከሌሎቹ ጋር እኩል አለቀስኩ። ጋሽ ወንድሙ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ የሚነግሩኝ ነገር ስላልነበራቸው ጉሮሯቸውን አልጠረጉም።

ሎሚውን የበሰበሰ ሥሩን ቆርጠን በደረቅ አፈር ተከልነው። አናቱ ሞተ። የከቤ እጅ ተረፈ፤ ከሥሩም አዲስ ቀንበጥ አወጣ። ቀንበጡ ሲጠነክር አንድ ቅጠል ጠይቄ ወስጄ ሳህን ላይ አሳደግኩት። የድሮዎቹ ነዋሪዎች ሁሉ አልተመለሱም፤ ገሚሱ አዲስ ነበር። ግን ብዙ ነበሩ፤ አንዱ ብቻውን ቤቱን አልያዘም። ሳራ ከስካርቦሮ ያመጣችውም ሎሚ አልተጣለም። መስኮቱ አጠገብ ነው፤ እትዬ ዘነበች «ምትኩ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ማጠጣት የተፈቀደው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔ አይደለሁም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት በአሁኗ ሰዓት ከአንድ ሰው የደበቃችሁት ወሬ ይኖር ይሆናል። በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ወይም እንደ እኔ በደወላችሁ ቁጥር የሚተኛ ሰው ይኖራችኋል። የእናንተን አላውቅም፤ ምክርም አልሰጥም። እኔ ግን አባዬ በሕይወት ሳለ ደርሻለሁ።

አዲስ አበባ የደረስኩ ቀን፣ ቤታችን ስገባ አባዬ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ዓይኑ ወዲያው አወቀኝ። ቃላቱን አንድ በአንድ ከአፉ እየጎተተ፣

«ማን… ነገረሽ?» አለኝ።

«አንድ ሎሚ» አልኩት።

አባቴ ቀልድ ይወድ ነበር። በሚታዘዝለት ግማሽ ፊቱ ሳቀ።